የተቆለፈ ፍሪጅ፦ «ግሩፕ ሆም» በአሜሪካ ሕግ ምን ማለት ነው?

አማርኛ ሰዎች እንክብካቤ እያገኙ በጋራ የሚኖሩባቸውን ቤቶች በሥራቸው ይጠራቸዋል። ልጅ የሚያድግበት ማሳደጊያ፣ አቅመ ደካማ የሚጦርበት መጦሪያ ነው። ስሙን የሰማ ሰው ቤቱ ለምን እንደተከፈተ ወዲያው ይገባዋል። አሜሪካ ውስጥ «ግሩፕ ሆም» ሲባል ግን ከስሙ የሚገኝ ነገር ጥቂት ነው። ሲያትል ያለ ሰው «ግሩፕ ሆም አለኝ» ሲል ስድስት አረጋውያን የሚኖሩበትን አደልት ፋሚሊ ሆም ማለቱ ሊሆን ይችላል። «ግሩፕ ሆም ነው የምሠራው» የምትል ሌላዋ፣ ፍርድ ቤት ከወላጆቻቸው የለያቸውን ልጆች ሌሊት የምትጠብቅ ልትሆን ትችላለች። ሦስተኛው ደግሞ ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች ኪራይ ተካፍለው የሚኖሩበትን ቤት በዚሁ ስም ይጠራዋል። ሦስቱም ቤቶች በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። ፈቃድ የሚሰጣቸው፣ የሚከፍላቸውና ሲያጠፉ የሚጠይቃቸው ግን የተለያየ ነው።

አብዛኛው ችግር የሚመጣው የአንዱን ቤት ሕግ ለሌላው በማዋስ ነው። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ትርጉም አለው፤ በሜሪላንድ ወይም በሚኒሶታ የተለመደው አሠራር ሌላ ቦታ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህ የምንይዘው ብዙ ኢትዮጵያውያን በባለቤትነትም በኬርጊቨርነትም (በተንከባካቢነት) የተሰማሩበትን የዋሽንግተን ስቴትን ሕግ፣ ከእሱም በላይ ያለውን የፌዴራሉን ሕግ ነው።

ከሁለተኛው ሰው ጀምሮ

የዋሽንግተን ሕግ ምዕራፍ 70.128 አደልት ፋሚሊ ሆምን ሲተረጉም፣ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር በሥጋም በጋብቻም ለማይዛመዱ፣ ከአንድ በላይ ለሆኑና ከስድስት ላልበለጡ አዋቂዎች መኝታ፣ ምግብና የግል እንክብካቤ የሚሰጥበት መኖሪያ ቤት ነው ይላል። እዚህ ውስጥ ትርፍ ቃል የለም። አንዲት የማይዛመዷትን አዛውንት ቤቷ አስቀምጣ የምትንከባከብ ሴት ይህ ፈቃድ አያስፈልጋትም። ሁለተኛዋ አዛውንት የገቡ ዕለት ግን ያስፈልጋታል። «ሁለት ብቻ ናቸው» የሚለው መከራከሪያ በዚህ ሕግ ፊት ቦታ የለውም፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከሁለት ነው።

ላይኛው ድንበር ስድስት ነው። ከ2020 ወዲህ ተጨማሪ መስፈርት ላሟሉ ቤቶች ዲኤስኤችኤስ (የስቴቱ የማኅበራዊና የጤና አገልግሎቶች መምሪያ) እስከ ስምንት ሊፈቅድ ይችላል። ያ ፈቃድ ሳይኖረው ሰባተኛ ሰው ያስገባ ቤት አሲስትድ ሊቪንግ በሚባለው በሌላ ምዕራፍ ሥር ይወድቃል፤ የዚያ ምዕራፍ መስፈርት ደግሞ ለተራ መኖሪያ ቤት ከባድ ነው።

«የማይዛመዱ» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። የቤቱ ባለቤት እናት ከአዲስ አበባ መጥተው እዚያው ቢኖሩ፣ መታጠብና መልበስ ላይም ሰው ቢያስፈልጋቸው፣ ዘመድ ስለሆኑ ከነዋሪ አይቆጠሩም። ሆኖም መምሪያው ለቤቱ ስንት ሰው እንደሚፈቅድ ሲወስን እንክብካቤ የሚሹ የቤተሰብ አባላትን፣ ልጆችንም ጭምር፣ ይመለከታል። በእሳት ጊዜ ሁሉም በሰላም ሊወጡ መቻላቸውንም ይመዝናል። ስለዚህ ለስድስት ያመለከተ ቤት አምስት ቢፈቀድለት ምክንያቱ እናትየው ሊሆኑ ይችላሉ። እሳቸውን በማመልከቻው ላይ ሳይጠቅሱ ቀርቶ ኋላ ኢንስፔክተር ሲመጣ መገኘታቸው ግን ቁጥሩን ከማጣት የከፋ ነው፤ ያኔ ጥያቄው ስለ ባለቤቷ እውነተኛነት ይሆናል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚታየው አገልግሎቱ ነው። ምድር ቤቱን ለሁለት አዛውንት ወንድማማቾች አከራይቶ እራት የሚያቀርብ ሰው አከራይ ነው። አንደኛው ጉልበቱ ሲደክም ገላውን ማጠብ፣ መድኃኒቱን ማስታወስና ወደ መጸዳጃ መደገፍ ሲጀምር፣ ለሌላኛውም እንዲሁ ሲያደርግ፣ ቤቱ ስሙን ቀይሯል። ለውጡ በጥቂት በጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜም በደግነት የሚመጣ ስለሆነ ባለቤቱ መስመሩን ያለፈበትን ቀን አያውቀውም። ሕጉ ግን የኪራይ ውሉን ርዕስ አይቶ አይተወውም፤ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ያያል።

መዳፍ ላይ ወይስ ምላስ ላይ

የመድኃኒት ነገር ፈቃድ ያላቸውን ቤቶችም ያሳስታቸዋል። ኬርጊቨር ጠርሙሱን ከፍታ ክኒኑን በነዋሪው መዳፍ ላይ ብታኖርለት፣ ነዋሪውም መድኃኒት መሆኑን አውቆ ራሱ ቢውጠው፣ ይህ መድኃኒት በመውሰድ ማገዝ ይባላል፤ ይፈቀዳል። ክኒኑን ራሷ አፉ ውስጥ ካደረገችው ግን መድኃኒት መስጠት ሆነ፤ ያ የነርስ ሥራ ነው። ልዩነቱ የአንድ ክንድ ርቀት ቢመስልም ሁለት የተለያዩ ሕጎች የሚገዙት ነው።

መፍትሔው ነርስ ዴሌጌሽን፣ ማለትም የነርስ ውክልና ነው። የተመዘገበች ነርስ ነዋሪውን መርምራ፣ ኬርጊቨሯን አሠልጥና፣ መመሪያውን በጽሑፍ ሰጥታ ሥራውን ታስተላልፋለች። ከዚያ በፊት ኬርጊቨሯ የ9 ሰዓት ዋና ሥልጠና፣ ለኢንሱሊን ደግሞ ተጨማሪ የ3 ሰዓት የስኳር በሽታ ሥልጠና መውሰድ አለባት። ኢንሱሊን ሲሆን ነርሷ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ቢያንስ በየሳምንቱ ትቆጣጠራለች። ውክልናው ለአንዲት ኬርጊቨር፣ ለአንድ ነዋሪ የሚሰጥ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዓል ደርሶ ተረኛዋ ስትቀርና ጓደኛዋ ስትተካ መርፌውን መውጋት የምትችለው እሷም በስሟ ውክልና ካላት ብቻ ነው። «አብረን ስለምንሠራ አይቻት አውቀዋለሁ» አይበቃም። ለትንሣኤ፣ ለገናና ለመስቀል የተራ ሰሌዳ የሚያወጡ ቤቶች አስቀድመው ማየት ያለባቸው ይህንን ነው።

ስለ ሕንፃው ያለው ሕግ ግልጽ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። የአንድ ሰው መኝታ ክፍል ቢያንስ 80 ስኩዌር ፊት፣ የሁለት ሰው 120 መሆን አለበት፤ ከሁለት በላይ በአንድ ክፍል አይተኛም። ነዋሪ የሚነካው ሙቅ ውኃ ከ105 እስከ 120 ዲግሪ ፋራናይት ነው። የሚለካውም ቧንቧው ላይ ነው፤ ማሞቂያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ዋስትና አይሆንም፤ የሽማግሌ ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። ከቤት የመውጣት ልምምድ ቢያንስ በየሁለት ወሩ ይደረጋል።

ጎረቤት አልፈልግም ሲል

ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ሰፈሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት መኖሪያ ነው ወይስ ንግድ?

በቴክሳስ የክሊበርን ከተማ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው 13 ሰዎች በአንድ ቤት እንዲኖሩ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል አለች፤ ከዚያም ፈቃዱን ከለከለች። ከሰጠቻቸው ምክንያቶች አንዱ በአካባቢው ያሉ የቤት ባለቤቶች ፍርሃት ነበር። ቤቱ በ500 ዓመት አንዴ ጎርፍ ሊደርስበት ይችላል በሚባል ስፍራ መሆኑም ተጠቅሷል። ያንኑ ፈቃድ ግን ከሆስፒታል፣ ከአረጋውያን ተቋም ወይም ከተማሪዎች የጋራ መኖሪያ አትጠይቅም ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 ክልከላውን ሻረው፤ ጎርፉ ለሁሉም እኩል ነውና ልዩነቱ ከጭፍን ጥላቻ በቀር ምንጭ እንዳልነበረው ተናገረ። ኮንግረስ በ1988 የመኖሪያ ቤት አድልዎ ሕጉን ሲያሻሽል አካል ጉዳተኞችን ጨመረ፤ ለእነሱም በደንብ ላይ ተገቢውን ማስተካከያ አለማድረግን አድልዎ አለው።

ዋሽንግተንም የራሷ ክርክር አላት። ከሲያትል በስተሰሜን ያለችው ኤድመንድስ ለአንድ ቤተሰብ በተከለለ ሰፈር ዘመዳሞች የፈለጉትን ያህል፣ የማይዛመዱ ግን እስከ አምስት ብቻ እንዲኖሩ ትፈቅድ ነበር። ኦክስፎርድ ሃውስ የተባለ ድርጅት ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ የሚያገግሙ ከ10 እስከ 12 ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ከፈተ። ከተማዋ ደንቡ የቤቱን የመያዝ አቅም የሚወስን ስለሆነ የፌዴራሉ ሕግ አይነካኝም አለች። በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 አልተቀበላትም። የመያዝ አቅም ሁሉንም እኩል ይቆጥራል፤ የኤድመንድስ ደንብ ግን ቤተሰብ ማን እንደሆነ የሚወስን ነው አለ። ውሳኔውን ሲጠቅሱ ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ አለ፦ ፍርድ ቤቱ ከተማዋ አድልዎ ፈጽማለች አላለም፤ ከሕጉ ነፃ አይደለሽም፣ ክርክሩ ይቀጥል ነው ያለው።

አደልት ፋሚሊ ሆም በዋሽንግተን ይህን ያህል አይከራከርም። የስቴቱ ሕግ ራሱ መኖሪያ ነው ብሎታል፤ መኖሪያ በተፈቀደበት ሁሉ ይፈቀዳል። ይህ ግን የከተማውን የሕንፃ ፈቃድና የደኅንነት ደንብ አይሽርም። መወጣጫ ለመሥራት ግድግዳ አፍርሶ «ስቴቱ ፈቅዶልኛል» ማለት ሥራውን ለወራት ያስቆማል።

ትንሽ ቤት ተቋም ሲሆን

ፈቃድ ያለው፣ ቁጥሩን የጠበቀ፣ ንጹሕ ቤት በፌዴራል ሕግ ዓይን አሁንም «ተቋም» ሊሆን ይችላል። ዛሬ በጣም የሚያስፈልገው፣ በጣምም የሚዘነጋው ይህ ነው።

መነሻው ጆርጂያ ነው። ሎይስ ከርቲስና ኢሌይን ዊልሰን የተባሉ ሁለት ሴቶች፣ ሐኪሞቻቸው ከማኅበረሰቡ ጋር መኖር ይችላሉ ካሉ በኋላ እንኳ ከሆስፒታል አልወጡም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 በኦልምስቴድ ውሳኔው ሰውን ያለ ምክንያት ተቋም ውስጥ ነጥሎ ማቆየት አድልዎ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ያለው የመንግሥት የጤና መድን) በማኅበረሰብ ውስጥ ለሚሰጥ እንክብካቤ የሚከፍልበት ቤት በእርግጥ ቤት መሆኑን ማሳየት ግድ ሆነ። በ2014 የወጣው የፌዴራል ደንብ መለኪያውን ዘረዘረ፤ ስቴቶች እንዲያሟሉ የተሰጣቸው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ማርች 17, 2023 ነበር።

ደንቡ የአልጋ ቁጥር አያነሳም። ነዋሪው የኪራይ ሕግን የሚመስል ጥበቃ ያለው የጽሑፍ ስምምነት አለው ወይ? የመኝታ ክፍሉ በር ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? የክፍል ጓደኛውን መርጧል? እንግዳ በፈለገው ሰዓት ይቀበላል? የሚነሳበትንና የሚተኛበትን ሰዓት የሚወስነው ማን ነው? ምግብ በማንኛውም ሰዓት ያገኛል?

የመጨረሻው ወደ ፍሪጁ ይወስደናል። አምስት ሰዎች በሚኖሩበት ቤት አንዱ ስኳር አለበት እንበል፤ ሌሊት ተነሥቶ ጁስ ይጠጣል፤ ጠዋት የደሙ ስኳር 300 ይሆናል። የቤቱ ሠራተኞች ለእሱ ብለው ፍሪጁ ላይ ቁልፍ ያደርጋሉ። ሐሳቡ ክፋት የለበትም፤ ሆኖም በዚያች ሌሊት አራት ጤነኛ ሰዎች የራሳቸውን ወተት ለመጠጣት ሠራተኛ መቀስቀስ ግድ ሆነባቸው። ቤቱ ተቋም ሆነ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ደንቡ ገደብን ጨርሶ አይከለክልም። ገደቡ ግን የዚያ ሰው ብቻ መሆን አለበት፣ በኬር ፕላኑም (በእንክብካቤ ዕቅዱ) ውስጥ ስምንት ነገሮች መጻፍ አለባቸው፦ የሰውየው የተለየ ፍላጎት፤ ከገደቡ በፊት የተሞከሩት በጎ ድጋፎች፤ ቀለል ያሉ ሆነው ያልሠሩት መንገዶች፤ የገደቡ ግልጽ መግለጫ፤ ውጤቱ የሚለካበት መረጃ፤ እንደገና የሚታይበት ቀን፤ የሰውየው በእውቀት ላይ የተመሠረተ ፈቃድ፤ ገደቡ እንደማይጎዳው ማረጋገጫ። በተግባር ብዙ ቤቶች የሚጎድሏቸው ሦስተኛውና ስድስተኛው ናቸው። ምን እንደተሞከረ አይጻፍም፤ «ለሁልጊዜ» የተባለ ቁልፍም ማብቂያ ቀን የለውም። ለአምስቱ ቤት ቀላሉ መንገድ ጁሱን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ወይም ቁልፉ የግድ ከሆነ ለአራቱ ለእያንዳንዳቸው መክፈቻ መስጠት ነው።

ካሜራም እንደ ፍሪጁ ነው። በዋሽንግተን ደንብ ቤቱ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ አይጠቀምም። ምስል ብቻ የሚቀዳ ካሜራ መግቢያና መውጫ በር ላይ፣ ወደ በሩ ብቻ ዞሮ ሊኖር ይችላል። ሳሎን ውስጥ አይፈቀድም። ባለቤቷ ከሥራ ቦታ ሆና በስልኳ ቤቱን ብትጠብቅ ለነዋሪዎቹ ደኅንነት ብላ ነው፤ ሆኖም ሳሎኑ የእነሱ ሳሎን ነው።

ሰውን ከቤት ማስወጣትም እንዲሁ ነው። የዋሽንግተን የነዋሪዎች መብት ሕግ የሚቀበላቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፦ ቤቱ ፍላጎቱን ማሟላት አለመቻሉ፣ የሌሎች ደኅንነት ወይም ጤና አደጋ ላይ መውደቁ፣ ተገቢው ማሳሰቢያ ተሰጥቶ ክፍያ አለመፈጸሙ፣ ቤቱ መዘጋቱ። በመርህ ደረጃ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ፣ ነዋሪው በሚገባው ቋንቋ ይሰጣል። ጎልቶ የሚታየው ጥሰት ሆስፒታል የገባን ሰው «አልጋው ተይዟል» ብሎ አለመቀበል ነው። አምቡላንስ ወሰደው ማለት ለቀቀ ማለት አይደለም። ለቤተሰብ የምንመክረው ወዲያው ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኦምቡድስማን (የነዋሪዎችን አቤቱታ ለሚቀበለው ቢሮ) መደወልን ነው፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ከቤቱም ከመምሪያውም ወገን አይቆምም።

የልጆች ሲሆን ሕጉ ይገለበጣል

በአዋቂዎች በኩል ሕጉ ቤቱን ከተቋም ለመለየት ይደክማል። በልጆች በኩል ደግሞ መነሻ ሐሳቡ ልጅ በቡድን ቤት ውስጥ መኖር የለበትም የሚል ነው፤ ቢገባ እንኳ ለአጭር ጊዜ፣ በበቂ ምክንያት።

በዋሽንግተን ሕግ ግሩፕ ኬር ማለት የፎስተር ቤተሰብ (ልጅን በጊዜያዊነት ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ) ሳይሆን ልጆችን በቡድን 24 ሰዓት የሚንከባከብ ድርጅት ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ዲኤስኤችኤስ ሳይሆን ዲሲዋይኤፍ የሚባለው የሕጻናት፣ የወጣቶችና የቤተሰቦች መምሪያ ነው። ከወላጆቻቸው ለተለዩ ልጆች እንክብካቤ ገንዘብ በሚሰጠው የፌዴራሉ የታይትል ፎር-ኢ ክፍያ ሕግ ተቋሙ የመንግሥት ከሆነ ከ25 ልጅ መብለጥ አይችልም፤ የግል ከሆነ ግን ሕጉ ቁጥር አላስቀመጠም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2018 በወጣው ፋሚሊ ፈርስት ሕግ ነው። ልጁ ከቤተሰብ ውጭ ያለ ቤት ከገባ የፌዴራሉ የእንክብካቤ ክፍያ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቆማል። ከዚህ ነፃ የሆኑት ጥቂት ዓይነት ቤቶች ሲሆኑ፣ ዋናው ኪውአርቲፒ የሚባለው የሕክምና መኖሪያ ነው። እሱም እውቅና ያለው፣ ነርስና የሕክምና ባለሙያ የሚገኝበት፣ ልጁ ከወጣ በኋላም ቢያንስ ለ6 ወር ድጋፍ የሚሰጥ መሆን አለበት። ልጁ በገባ በ30 ቀን ውስጥ ከቤቱ ጥቅም ነፃ የሆነ ባለሙያ ይመዝነዋል፤ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ያጸድቃል ወይም ይከለክላል። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከ6 ወር በላይ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ በተከታታይ ከ12 ወር በላይ ከቆየ የስቴቱ መምሪያ ኃላፊ ራሱ መፈረም አለበት።

በዚህ ሕግ ውስጥ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር በየፍርድ ቤቱ መነሳት ይገባታል፦ የፎስተር ቤተሰብ እጥረት ልጅን በቡድን ቤት ለማስቀመጥ ተቀባይነት ያለው ምክንያት አይደለም። በተግባር ብዙ ልጆች እዚያ የሚገቡት ግን በዚያው ምክንያት ስለሆነ፣ ምዘናው ላይ የተጻፈው የልጁ ፍላጎት ነው ወይስ የአልጋ እጦት ብሎ መጠየቅ የጠበቃውም የዘመዱም ድርሻ ነው።

ሌላው ወጥመድ የ16 አልጋ ሕግ ነው። ሜዲኬይድ በዋናነት የአእምሮ ሕመም የሚታከምበትን፣ ከ16 በላይ አልጋ ያለውን ተቋም አይኤምዲ ይለዋል፤ በመርህ ደረጃም እዚያ ለሚኖር ሰው አይከፍልም። ለልጆች ያለው ልዩነት የተወሰኑ የሥነ አእምሮ ተቋማትን ብቻ ይመለከታል። ስለዚህ 20 አልጋ ያለው ኪውአርቲፒ አይኤምዲ ነው ከተባለ፣ በዚያ ያለ ልጅ ለጥርስ ሕክምና እንኳ የፌዴራል ሜዲኬይድ ላይሸፍንለት ይችላል። አንዱ ሕግ የሕክምና ባለሙያ አምጡ ይላል፤ ሌላው ሕክምናው ከበዛ አልከፍልም ይላል። ቤቶቹን ከ16 አልጋ ያልበለጡ ማድረግ ዛሬ ያለው አስተማማኝ መውጫ ነው።

በ2014 የወጣ ሌላ የፌዴራል ሕግ ደግሞ በእያንዳንዱ የልጆች ተቋም ውስጥ እንደ አስተዋይ ወላጅ የሚወስን አንድ ሰው እዚያው እንዲሰየም ያዛል። ልጁ ለትምህርት ቤት ጉዞ ወይም ጓደኛው ቤት ለማደር የኬዝ ወርከር (የልጁን ጉዳይ የምትከታተል የመምሪያው ሠራተኛ) ፊርማ እየጠበቀ እንዳይቀር ነው። ልጁ የቀረበት ሁሉ ሲደመር «የሚፈርም ሰው አልነበረም» ከሆነ፣ ያ ሰው በወረቀት ላይ ብቻ አለ ማለት ነው።

ልጃቸው በኪውአርቲፒ ያለ ቤተሰቦች ስለ ቡድኑ ማወቅ አለባቸው። መምሪያው ዘመዶች፣ ልጁን የሚያውቁ መምህራንና የሃይማኖት አባቶች፣ እንዲሁም በሥጋ ባይዛመዱም እንደ ዘመድ የሚቆጠሩ ሰዎች ያሉበት ቡድን ማቋቋም አለበት። ለዚህ የመጨረሻው ዓይነት እንግሊዝኛው ፈልጎ የሰየመው ስም አለው፤ እኛ ዘንድ ግን የክርስትና እናት፣ የክርስትና አባት፣ አበልጅ፣ ጡት አባት ማለት ይበቃል። ኬዝ ወርከሯ ይህን ዝምድና አታውቀውም። የክርስትና እናቱ ልጁን በሳምንት ስንት ቀን ታየው እንደነበር፣ ስልኳንና አድራሻዋን ለኬዝ ወርከሯ በጽሑፍ ስጡ፤ ለመዝገቡ እንዲገባም ጠይቁ። ልጁ 14 ዓመት ከሞላው ከቡድኑ ውስጥ ራሱ የሚመርጣቸው ሰዎች አሉት፤ ስማቸውን ከእሱ አፍ መስማት ያስፈልጋል። በስብሰባው ላይ አማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይቀርባል፤ ልጁን ለራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም። ቀኑ ሲነገራችሁ አስተርጓሚውን በዚያው ስልክ ጥሪ ጠይቁ፤ ካልቀረበ ስብሰባው ሌላ ቀን እንዲሆን በኢሜይል አስታውቁ።